የጨው ተረብ

አርባ ስምንት ዓመት የቦክሰኛ ፋሻ አጥቤያለሁ። እኛ ሰፈር፣ ቡኮም ውስጥ፣ ጓንት አጥልቆ ስም ያወጣ ወንድ ሁሉ እጁን የጠቀለለበት ጨርቅ በእኔ መዳፍ ታሽቶ፣ በእኔ ገመድ ላይ ደርቆ፣ በእኔ ጉልበት ላይ ተጠቅልሎ የሄደ ነው። ደማቸውን አውቀዋለሁ። ላባቸውንም አውቀዋለሁ፤ የፈራ ሰው ላብ በአንድ ሳሙና አይለቅም። ይህን ሁሉ ይዤ፣ ስለ ቦክስ ሲወራ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ያለኝ ሰው እስካለፈው ቅዳሜ አልተገኘም። ፊደል ስላልቆጠርኩ አፍም ያልተፈጠረልኝ ይመስላቸዋል። አፍንጫውን ቡጢ ነክቶት የማያውቅ ልጅ ሬዲዮ ጣቢያ ተቀምጦ ስለ ቀድሞው ሻምፒዮን ስለ ሶዋ ይተነትናል፤ የሶዋን ፋሻ አሥራ ስድስት ዓመት ያጠብኩት ሴትዮ ከሬዲዮኑ አጠገብ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ።

የሚተነትኑት አንድ ነገር ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ነገር። «ሶዋ እጁ ታላቅ ነበር፤ አፉ ግን ታላቅነቱን አጎደፈው» ይላሉ። አንዱ «እውነት ነው» ይላል፣ ሌላው «አፍና እጅ ለየብቻ ናቸው» ይላል፣ መሃል ላይ የሳሙና ማስታወቂያ ይገባል፣ ከማስታወቂያው በኋላ ካቆሙበት ይቀጥላሉ።

ያ አፍ የማን እንደሆነ አያውቁም። የእኔ ነው።

ሶዋ ወደ ቦክስ ግቢያችን ሲመጣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ግቢ ማለቴ ያው በሁለት ቤቶች ጀርባ መሃል ያለች አቧራ ናት፤ ከኒም ዛፍ ላይ አንድ ጆንያ ተንጠልጥሏል፣ መሬቱ ላይ በገመድ የታጠረ ሪንግ አለ፣ ጥግ ላይ የእኔ ሳፋና የማጠቢያ ድንጋዬ። እጁ መልካም ነበር። ግን ተብታባ ነበር፤ አንድ ቃል ለማውጣት ምጥ ይይዘዋል። እኛ ሰፈር ደግሞ ከቡጢ በፊት ተረብ ይቀድማል። ተረብ የማይችል ቦክሰኛ ገና ሳይገባ ግማሹን ተሸንፏል። ሌሎቹ ይህን ስላወቁ ከመግጠማቸው በፊት «እስቲ ስምህን ንገረን» ይሉታል። እሱ «ሶ-ሶ-ሶ» ሲል ግቢው በሳቅ ይፈርሳል። ሳቁ እጁን ያስረዋል። ከዚያ ይመቱታል።

አንድ ቀን ሰለቸኝና ጠራሁት። ከእኔ አጠገብ አስቀምጬ እርጥብ ፋሻ በእጁ ሰጠሁትና «አትናገር፣ እጠብ» አልኩት። ድንጋዩ ላይ ሁለቴ መምታት፣ አንዴ ማሸት። ሁለቴ መምታት፣ አንዴ ማሸት። እጁ ምቱን ሲይዝ ቃል አቀበልኩት፦

«እናትህን ንገራት፣ ሾርባ ታዘጋጅ፤
ማኘክ ከዛሬ ወዲያ አበቃልህ፣ ወዳጅ።»

አንዲት ፊደል ሳትይዘው አወጣው። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ነገር ተናገረ። ደንግጦ ፋሻውን ጣለው። በማግስቱ ግቢ ገብቶ፣ በጣቶቹ ጭኑን ሁለቴ መታ አንዴ አሸት አድርጎ፣ ተረቡን ከሁሉ በላይ ይስቅበት በነበረው ልጅ ፊት ለቀቀው። ግቢው ሳቀ፤ አሁን ግን በሌላኛው ነው። ልጁም የዚያን ቀን ሾርባ ጠጣ።

ከዚያ ወዲህ ለእያንዳንዱ ውጊያ አንድ ተረብ አዘጋጅለት ነበር። ሶዋ ጭኑን ሲመታ ጋዜጠኞቹ የማስፈራሪያ ምልክት ነው ብለው ጻፉ፤ በኋላማ ልጆች ሁሉ እየመቱ ይኮርጁት ጀመር። የማጠቢያ ድንጋይ ምት እንደሆነ የምናውቀው ሁለት ሰዎች ነን። እሱ ለማንም አልተናገረም። እኔም አልተናገርኩም፤ ሻምፒዮን ቃሉን ከፋሻ አጣቢ ይቀበላል ቢባል ተረቡ ጥርሱ ይወልቃል።

ግን ሕግ ነበረኝ። ይህን ሬዲዮኑ ስለማያውቅ ልንገራችሁ። ተረብ ማለት ሰውየው በገዛ እጁ ያመጣውን መንካት ነው፦ ጉራውን፣ አረማመዱን፣ ሮጦ ያመለጠበትን ቀን። እግዜር የሰጠውን ወይም እግዜር የወሰደበትን ከነካህ ተረብ አይደለም፣ ስድብ ነው። ያንካሳ እግር አልነካም። ያባት መቃብር አልነካም። በዚህ ሕግ ሃያ ሁለት ሰው ተርቤ ሃያ ሁለቱም ከውጊያው በኋላ ሶዋን አቅፈው ስቀዋል። እንግዳ አገር ያሉት እንኳ በአስተርጓሚ ስቀዋል።

ሃያ ሦስተኛው አክዌቴ ነበር።

ሶዋ ያኔ የዓለም ቀበቶ ይዟል። አክዌቴ የቴሺ ልጅ ነው፤ ከእኛ በባሕሩ ዳር ትንሽ ራቅ ብሎ ያለ ከተማ። ሃያ አራት ዓመቱ፣ ግራ እጁ እባብ። አሸናፊው ማን እንደሚሆን ማንም አያውቅም ነበር፤ እኔም አላውቅም። ስለዚህ ጥሩ ተረብ ያስፈልገናል። እኔ ስፈልግ ከስሙ እጀምራለሁ። የእሱ ስም ደግሞ ራሱ ተናጋሪ ነው፦ እኛ ዘንድ ወንድ መንትዮች ሲወለዱ ታላቁ ኦኮ ነው፣ ታናሹ አክዌቴ። ስለዚህ አንድ ኦኮ የሆነ ቦታ አለ ማለት ነው። ታዲያ ለምን በወንድሙ ጥግ ቆሞ ውሃ ሲያጠጣው ታይቶ አያውቅም?

ባሕር ዳር ወርጄ ካይ የምትባል የቴሺ ዓሣ ሻጭ ጠየቅሁ። «የዚያ ልጅ ኦኮ የት ነው?» አልኳት። ካይ ቀና ብላ አላየችኝም። ዓሣዎቿን አንድ በአንድ እያገላበጠች «ኦኮማ ጨው ሊያመጣ ሄዷል» አለችኝ።

ቀና ብላ እንዳላየችኝ ልብ ብያለሁ። ገበያው ይዟት ነው አልኩ። በበጋ የአዳ የጨው ሐይቅ ሲደርቅ ጨው ለመጫን ወደዚያ፣ ወደ ምሥራቅ የሚሄድ ወጣት መቼ ጠፍቶ። ወንድሙ ለቀበቶ ሊዋጋ እሱ ጨው ጭነት ሄደ! ከዚህ የተሻለ ተረብ ከየት ይመጣል? እየሳቅሁ ነው ወደ ሳፋዬ የተመለስኩት።

ሚዛን በሚወጡበት ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ስታዲየሙ በር ላይ ሰው ከሰው ተጣብቋል። የእኛ ሰፈር በቀኝ፣ ቴሺዎች በግራ። ሶዋ ከሚዛኑ ወርዶ ጭኑን መታ፦

«ኦኮ ብልጡ ልጅ፣ ጨው ሊያመጣ ሄደ፤
ሞኙ አክዌቴ ቀርቶ ለዱላ ወረደ።»

በቀኝ በኩል ሳቁ ፈነዳ። እኔም ሳቅሁ፤ ይህን አልደብቅም፣ ከሁሉ በላይ ሳቅሁ። በግራ በኩል ግን አንድም ሰው አልሳቀም። አልተሳደቡም፣ አልጮኹም። ፊት ለፊት የተቀመጠች አንዲት ሴት ተነሥታ ኩታዋን አስተካከለችና በሰዉ መሃል ወጥታ ሄደች። ሰው እየተከፈለ አሳለፋት። አክዌቴ እስክትርቅ በዓይኑ ተከተላት። ከዚያ ሶዋን አየው።

አጠገቤ የቆመ አንድ ሽማግሌ ነው በጆሮዬ የነገረኝ። ኦኮ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። ባሕር ነው የበላው፤ ተነሥታ የሄደችው ሴት እናቱ ናት።

መንታ ሞተ አይባልም። ይህን እኔም አውቃለሁ፣ ሕፃንም ያውቃል፤ ሞተ ካልክ የቀረውን ይጠራዋል። እያንዳንዱ ቤት የራሱ መሸፈኛ ቃል አለው። በእኔ ቤት «ማገዶ ለቀማ ወጥቷል» ነው የምንለው። ካይ ማገዶ ብትለኝ ኖሮ እጄን በአፌ ላይ ጭኜ እመለስ ነበር። በእነሱ ቤት ግን ጨው ነው። እኔ የሰው ሁሉ ቃል አራሚ፣ ከሰው አፍ ላይ ነገር ለቃሚ፣ ካይ ዓሣ እያገላበጠች የነገረችኝን መርዶ እንደ ወሬ ሰምቼ ግጥም ገጠምኩበት።

ውጊያው ውጊያ አልነበረም። አክዌቴ ሪንጉ ውስጥ ገብቶ ግራ እጁን ረሳው። በሦስተኛው ዙር ወደቀ። ቡጢ ጣለው ያሉ አሉ፤ እኔ ግን በማግስቱ የሶዋን ፋሻ ሳጥብ የከባድ ምት እድፍ አላገኘሁበትም። ልጁ ራሱ ነው የተኛው።

ያን ጠዋት ሶዋ መጥቶ ከሳፋዬ አጠገብ ተቀመጠ። ፊቱ ላይ ጭረት የለበትም። «ታ-ታውቂ ነበር?» አለኝ። አላውቅም ነበር አልኩት። ራሱን ነቅንቆ ሄደ። ይኸው ነው፤ ሌላ ጊዜ አንሥቶብኝ አያውቅም። ከዚያ ወዲያ ሦስት ጊዜ ቀበቶውን አስከብሯል፤ ሦስቱንም ጊዜ ጭኑን አልመታም፣ ቃል አልተነፈሰም። ያኔ ደግሞ «ኮራ፣ ለጋዜጠኛ እንኳ መልስ አይሰጥም» አሉት። በሞተ መንታ ለምን እንደተሳለቀ ሲጠይቁት «እኔ ነኝ ያልኩት» ብሎ ያልፋል።

እኔስ ለምን ዝም አልኩ? ፈርቼ አይደለም፤ ሰው ፈርቼ አላውቅም። ኩራት ነው። ተረብ ሠሪ ነኝ ካልኩ አዳምጣለሁ ማለቴ ነው። አንዲት ቃል በትክክል አልሰማሁም ብዬ በአደባባይ መቆም ከሞት ከበደኝ። ሆድ ይፍጀው አልኩ። ሆድ ሁሉን ይፈጃል ያለው ሰው ዋሽቷል።

አሁን ሶዋ ስድሳ ዓመቱ ነው፤ የሚያየው ሰው ሰማንያ ይለዋል። የተቀበለው ቡጢ ቀስ እያለ ሒሳቡን እያወራረደ ነው። እጆቹ ይንቀጠቀጣሉ፣ ምላሱ እንደ ድሮው ሳይሆን ከድሮው ይብስ ተሳስሯል። በየቀኑ ጠዋት ልጁ ወንበር ታወጣለታለች፤ የቦክስ ግቢው አዲስ ግድግዳ ፊት ለፊት ይቀመጣል። ግቢያችን አርጅቶ ሊፈርስ ሲል የሰፈሩ ሰው ተባብሮ ግድግዳና ጣሪያ አቁሞለታል። ግድግዳው ነጭ ነው፤ ስም የሚጻፍበት ቦታ ባዶውን ተትቷል። ሶዋ ያን ባዶ ቦታ ያያል። ሐኪሙ ዓይኑም ቀስ በቀስ እየሄደ ነው ብሏል። አንድ ቀን ልጁን «የኔን ስም ከ-ከጻፉ፣ እያየሁ ይሁን» እንዳላት ነግራኛለች። በሕይወቱ ሌላ ነገር ሲጠይቅ አልሰማሁም።

ስሙን የሚወስኑት ሰባት ሽማግሌዎች ናቸው፤ በአንድ ቃል ካልተስማሙ አይጸናም። ስድስቱ ሶዋ ብለዋል። ሰባተኛው አክዌቴ ነው። ዛሬ ቴሺ ውስጥ አሰልጣኝ ነው፤ የሁለቱም ከተማ ልጆች በአዲሱ ግቢ ስለሚገጥሙ ቃል አለው። ሁለት ስብሰባ ሙሉ እንቢ ብሎ ቆይቷል።

ያለፈው ቅዳሜ ሦስተኛው ስብሰባ ነበር። ማንም አልጠራኝም። የታጠበ ፋሻዬን በቅርጫት ይዤ ገባሁና ቅርጫቴን አስቀምጬ ቆምኩ። ሽማግሌዎቹ በጠረጴዛ ዙሪያ ናቸው፣ መምህር ኳዬ የሚባለው ጸሐፊያቸው ወረቀቱን ዘርግቷል፣ ሶዋ በሩ አጠገብ በወንበሩ ላይ ነው። ሰብሳቢው አታ ኦካይ ነው፤ ወጣት ሳለ ቦክሰኛ ነበር፣ ቦክሰኛ ካልነው።

ክርክሩ ያው የሬዲዮኑ ነው። አንዱ በየአገሩ ያሉ ቦክሰኞች ሁሉ ይሳደባሉ፣ የሥራው ጠባይ ነው አለ። ሌላው ሾርባው ከጣፈጠ የድስቱን ጥላሸት ማን ያያል አለ። ሌላው ደግሞ ጥላሸቱ ሾርባው ውስጥ ከገባስ አለው። አክዌቴ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እስኪጨርሱ ጠበቃቸው።

«እጁን አልክድም» አለ። «ከእሱ የተሻለ አልገጠመኝም። የማሰለጥናቸው ልጆች ግን ከዚያ ስም በታች ቆመው ፎቶ እንዲነሡ አላደርግም። ጨርሻለሁ።»

ያኔ ነው አፌን የከፈትኩት። የጨው ተረብ የእኔ ነው አልኩ። እኔ ገጥሜ እኔ ነኝ ያስጠናሁት፤ ሶዋ ኦኮ መሞቱን አያውቅም ነበር፣ እኔም አላውቅም ነበር።

ከዚያ አታ ኦካይ «አዶሌ፣ ፋሻውን አስቀምጠሽ ሂጂ፤ ነገ እንነጋገራለን» አለኝ፣ ነገ ማንም እንደማይነጋገር እያወቀ። መምህሩ ደግሞ የተማረ ስለሆነ በትሕትና ነው የናቀኝ። ናአ አዶሌ ይለኛል፣ ሽበቴን አክብሮ። ለሶዋ እንዳዘንኩ ይገባዋል፣ ፍቅሬን ያደንቃል፤ ግን የጻፍኩት ነገር፣ ማስረጃ የሚሆን ወረቀት ነበረኝ ወይ?

«ልጄ፣ እኔ ብጽፈው ኖሮ አንተ ስታነበው ትንተባተብ ነበር» አልኩት።

ሳቁ። አታ ኦካይ ከሳቁ ሲመለስ መሳደብ ማንም ይችላል፣ ይህ ምንም አያስረዳም አለ። «አንተ ዝም በል» አልኩት፣ «ከሚስትህ አልጋ ይልቅ የሪንጉን ወለል ታውቀዋለህ፤ በአሥር ውጊያ አሥር ጊዜ ተኝተህበታል።» ይህን ጊዜ ሽማግሌዎቹ ጠረጴዛ ደበደቡ። አክዌቴ አልሳቀም። እኔም የተረፈኝ ትዕግሥት አለቀ፤ ሰባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ ጉልበቴ ይቆረጥመኛል፣ ሰው እያሳቁ እውነት ማሳመን ሰልችቶኛል።

እጄን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። ሁለቴ መታሁ፣ አንዴ አሸሁ። ሁለቴ መታሁ፣ አንዴ አሸሁ። «እናትህን ንገራት» አልኩና አቆምኩ።

ከበሩ በኩል፣ ከዚያ ዓመት ሙሉ አንድ ቃል ሳይሰናከል ካልጨረሰው ሰው አፍ፣ «ሾርባ ታዘጋጅ፤ ማኘክ ከዛሬ ወዲያ አበቃልህ፣ ወዳጅ» የሚል ድምፅ መጣ። አልተንተባተበም። የሚንቀጠቀጠው እጁ ጭኑን እየመታ ነበር፤ ለዚያች አንድ አፍታ አልተንቀጠቀጠም።

ማንም አልሳቀም። መምህሩ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

አክዌቴ ሶዋን አየው፣ ቀጥሎ እኔን። «ጨው ያለሽ ማን ነው?» አለኝ።

ነገርኩት። ካይን፣ ዓሣውን፣ ቀና ብላ አለማየቷን። በእኔ ቤት ማገዶ እንደምንል። እየነገርኩት ሳለ ሰበብ እየመሰለብኝ ሄደ፤ አሳጠርኩት።

ኮፍያውን በጣቱ እያዞረ ቆየ። «እናቴ ከዚያ ቀን በኋላ እስክትሞት ጨውን በስሙ አልጠራችም» አለ። «ድስት ላይ ሆና ‹ነጩን አቀብሉኝ› ነው የምትለው። አሥራ ሰባት ዓመት። የመሸሸጊያ ቃላችን ነበር፤ ወሰዳችሁብን። ከዚያ ወዲያ ኦኮን ምን ብለን እንጥራው? ቃል አልነበረንም፤ ስለዚህ አልጠራነውም።»

ስለ ውጊያው ነበር ሠላሳ ዓመት የማስበው፤ ልጁን ሪንጉ ላይ አስተኛሁት እያልኩ። ኦኮን ከገዛ ቤቱ እንዳስወጣሁት አላሰብኩም።

ከበሩ በኩል ድንጋዩ እንደገና ተመታ፣ ማለቴ ጭኑ። ሶዋ ከወንበሩ ለመነሣት እየታገለ ነው። ልጁ ልትደግፈው ብትመጣ በክርኑ ገፋት። ዓይኑ አክዌቴ ላይ ነው። ሁለቴ መታ፣ አንዴ አሸ፤ ግጥም ግን አልነበረም፣ ቃሉን ለማሻገር ብቻ ነበር የሚመታው።

«ቃሉን እሷ ሰጠችኝ» አለ። «አፉ የኔ ነበር። አክዌቴ፣ አፉ የኔ ነበር።»

ተመልሶ ተቀመጠ። ይህችን ለማለት ያለውን ጉልበት ሁሉ ከፈለ።

አክዌቴ ኮፍያውን ደፋ። አታ ኦካይ «ታዲያ ምን እንበል?» አለው። ምንም አትበሉ አለና ወጣ። በሶዋ አጠገብ ሲያልፍ ሰላም አላለውም፤ ግን አልዘለለውምም። ለትንሽ ጊዜ ከፊቱ ቆሞ የሚንቀጠቀጠውን እጁን አየ። ከዚያ ነው የሄደው። ሽማግሌዎቹ ሁሉም በአንድ ጊዜ ያወሩ ጀመር፤ ተረቡ የእሷ ከሆነ ሶዋ ነፃ ነው የሚል አለ፣ የለም ራሱ አፉ የኔ ነው ብሏል የሚል አለ። መምህር ኳዬ ምን ብሎ እንደሚጽፍ እኔን ጠየቀኝ። በአርባ ስምንት ዓመት የመጀመሪያው ጥያቄ ነው፣ ጊዜ አልነበረኝም። ቅርጫቴን ጥዬ አክዌቴን ተከተልኩ።

መንገድ ላይ ደረስኩበት ማለት ኩራት ነው፤ ሚኒባሱ ሰው እስኪሞላ ስለቆመ ነው የደረስኩበት። ረዳቱ «ቴሺ፣ ቴሺ፣ አንድ ሰው» ይላል። አክዌቴ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጦ ዓይኑን ጨፍኗል። በሩን ያዝኩት። ትንፋሼ አልመለስ ብሎኝ ቆየሁ።

ዓይኑን ሳይገልጥ «ናአ፣ ይቅርታ ልትጠይቂኝ ከሆነ ደክሞኛል» አለ።

እኔም ደክሞኛል አልኩት። ይቅርታ ልጠይቅህ አልመጣሁም፤ ይቅርታ ቀላል ነው፣ አፍ ላይ ነው ያለው፣ አፌን ደግሞ ታውቀዋለህ።

ዓይኑን ገለጠ።

መከር ሲደርስ ረሃብን የምንሰድብበት በዓል አለን፤ ከእኛው ቀጥሎ ወር ሳይሞላ የእነሱ ይመጣል። ቴሺዎች በዚያ ሳምንት በዓመቱ ውስጥ ያጠፋ ሰው ደጃፍ ላይ እየዞሩ በስሙ ይዘፍኑበታል። ሹም ቢሆን ሀብታም ቢሆን ቆሞ ይሰማል፤ ቢቆጣ ይዋረዳል። የተዘፈነበት ነገር ደግሞ ያልቃል፣ ከዚያ ወዲያ ማንም አያነሣውም። ይህን ለእሱ መንገር አያስፈልገኝም፤ እሱ ነው ከልጅነቱ ጀምሮ ከበሮውን የሚሸከመው።

«ሶዋን ሬዲዮኑ ሠላሳ አንድ ዓመት ዘፍኖበታል፤ ይበቃዋል» አልኩት። «ዘንድሮ እኔን ዝፈኑብኝ። በስሜ። ፋሻ አጣቢዋ አዶሌ በሉ። ጆሮ እያላት ያልሰማችው በሉ። የሞተን ልጅ ከእናቱ ድስት ያስወጣችው በሉ። ኦኮንም በዘፈኑ ውስጥ ጥሩት፣ ጨዉንም ጥሩት፣ ጮክ ብላችሁ፤ ቃላችሁን መልሳችሁ ውሰዱት። እኔ በማለዳ መጥቼ ከበሮው ፊት እቆማለሁ፣ እስክትጨርሱ ንቅንቅ አልልም። ሲያልቅ ለስድስቱ ሽማግሌዎች የመሰለህን ቃል ስጥ፤ እንቢም ካልክ እንቢ ነው። ብቻ የሰውየው ዓይን ሳይጠፋ ስጥ።»

ረዳቱ «እማማ፣ በሩን ልቀቂልን፣ ሞልተናል» አለኝ። አልለቀቅሁም።

«ደግሞ ስማኝ፣ አክዌቴ» አልኩት፣ «ግጥሙን ለሰነፍ ሰው እንዳትሰጠው። ቤት የማይመታ ከሆነ እዚያው ቆሜ አስደግማችኋለሁ።»